ሎስ አንጀለስ ላላችሁ፦ መኪናችሁን ለኡስታ ልጅ ስጡ

ይህንን መጻፍ የነበረብኝ የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። ሰነፍኩ። ነገ ነገ ስል ሰውዬው፣ መካኒኬ ኡስታ፣ አለፈ። ባለፈው እሁድ አርባው ነበር። አዳራሹ ጥግ ተቀምጬ በትንሽ ሳህን የሰጡኝን ሐልዋ እየበላሁ፣ ሰው ሁሉ እየተነሳ ስለሱ ሲናገር ሰማሁ። እኔ ግን ይሄን ሁሉ ጊዜ ተጠቅሜበት አንድ መስመር እንኳ ጽፌለት አላውቅም። አፈርኩ። ዘግይቼም ቢሆን ይኸው።

ቸኩላችሁ ለምታነቡ ዋናውን ላስቀድም። ቫን ናይስ ያለው የኡስታ ጋራዥ አልተዘጋም። ፌርፋክስ ላይ ቡና ስጠጣ "ሽማግሌው ሞተ፣ ልጆቹ ሸጡት" የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። ውሸት ነው። ሴት ልጁ ይዛዋለች። በዚህ ሳምንት መኪናዬን የሰራችልኝ እሷ ናት፣ ልክ እንደ አባቷ አድርጋ። ሂዱ። አድራሻውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ።

ጊዜ ያላችሁ ደግሞ ቁጭ በሉ፣ ትንሽ ላውራ።

"ኡስታ" ስሙ አይደለም። ኢራኖች እጁ ሙያ ያለውን ሰው፣ መካኒክ ይሁን ግንበኛ፣ እንዲህ ብለው ይጠሩታል። እኛ "ኡስታዝ" ከምንለው ቃል ጋር ዘመዳሞች ናቸው። በዚያ ሰፈር ሜክሲኮውም፣ አርመኑም፣ ሐበሻውም ኡስታ ነው የሚለው። ደግሞ "እሳቸው" ሳልል "እሱ" እያልኩ ብጽፍ ንቀት አይምሰላችሁ። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። የድሬ ልጅ አንቱታ አይሆንለትም። አባቴንም አንተ እያልኩ ነው ያደግኩት።

ከሱ በፊት የደረሰብኝን ካልነገርኳችሁ ምስጋናዬ አይገባችሁም።

አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነኝ። እዚህ ከተማ ያለ መኪና ስራ የለም። አንድ ያረጀ ካምሪ በ4,500 ዶላር ገዛሁ። መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ "ባትሪ ነው" አሉኝ፣ ቀየርኩ። በሳምንቱ ያው መብራት በራ። "አይ፣ ሌላ ዕቃ ነው" አሉኝ፣ ከፈልኩ። እንደገና በራ። ሦስተኛ ስመለስ "ባልሽን ይዘሽው ነይ፣ ለሱ እናስረዳዋለን" አሉኝ። ባል የለኝም። ቢኖረኝስ? የሚከፍለው የኔ ላብ አይደለም እንዴ?

ሁለተኛው የሀገሬ ሰው ነበር። ስሙን አልጠራም። ካነበበው ራሱን ያውቃል። "እህቴ፣ ላንቺማ" እያለ መኪናዬን ሦስት ሳምንት አቆመው። እኔ በአውቶቡስ ስንከራተት ከረምኩ። በደወልኩ ቁጥር "ዕቃው እየመጣ ነው" ይለኛል። መኪናው ሲመለስልኝ ነዳጁ ባዶ፣ የኋላ ወንበር ላይ የማላውቀው ሰው ጃኬት። ለካ ሲነዳው ከርሟል! ባዕድ ቢያታልለኝ እኮ አይገርመኝም ነበር። "እህቴ" የሚለው ቃል ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ሦስተኛው ደግሞ ንጹህ ቦታ ነው። የቡና ማሽን አለው፣ ክራባት ያሰረ ሰው ይቀበላችኋል። መኪናዬ ማርሽ ሳስገባ ከፊት ድም የሚል ድምፅ ጀምሮት ነበር። ሃያ ደቂቃ አስቀመጡኝና ወረቀት ይዘው መጡ። "ካምቢዮው ሞቷል፤ 3,800 ዶላር።" ጆሮዬ ጭው አለ። መኪና ማቆሚያው ውስጥ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ያን ሌሊት አብራኝ የምትሰራ ፊሊፒናዊት ናት "ኡስታ ጋ ሂጂ" ያለችኝ። እግዜር ይስጣት።

ጠዋት ከስራ ወጥቼ በቀጥታ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ሳሞቫር፣ ትልቁ የሻይ ማፍያቸው፣ ይንጨረጨራል። ከአንድ ፒክአፕ ስር ሁለት እግር ወጥቷል። ሰውዬው ተንሸራቶ ሲወጣ ጥቁር መነጽር አድርጓል። ሬይባን! ከመኪና ስር፣ በጥላ ውስጥ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ቱታው ግን በስነ ስርዓት የተተኮሰ ነው።

ወረቀቱን ሰጠሁት። ሳያነበው አጥፎ መለሰልኝና "መጀመሪያ መኪናው ይናገር" አለኝ። ሞተሩን አስነሳ። ረጅም ካቻቪቴ አነሳ። ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ቦታ እየቀያየረ ዝም ብሎ አዳመጠ።

እኔ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። አባቴ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሰራተኛ ነበር። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ምሳውን ላደርስለት ስሄድ፣ የፉርጎውን የብረት እግር በመዶሻ መታ እያደረገ ጆሮውን ሰጥቶ ሲያዳምጥ አገኘው ነበር። "ጤነኛ ብረት ይዘፍናል፣ የተሰነጠቀ ያጉረመርማል" ይለኛል። ይሄ ሰውዬ ሲያዳምጥ አንገቱን የሚሰብረው ልክ እንደሱ ነው።

"ካምቢዮው ደህና ነው" አለኝ። እኔ ግን ስንቴ ተታልያለሁ፣ አላመንኩትም። ፊቴ ላይ አይቶት መሰለኝ ልጁን ጠራት። ያኔ ከዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ሰሞን ነበር። መሪው ላይ አስቀመጣት። ኮፈኑን ከፍቶ "ነይ፣ ራስሽ እዪ" አለኝ። ልጅቷ ፍሬን ጥርቅም አድርጋ ይዛ ማርሹን ስታስገባ ሞተሩ ዘለለ። እንደታሰረ ፍየል ብድግ ብሎ ቁጭ አለ። ድም! ሞተሩን ከስር የሚይዝ እንደ ጎማ ያለ ነገር ተበጥሷል። ስሙን ነግሮኛል፣ ረስቼዋለሁ። ዋናው ነገር ዕቃውም የእጁም ተደምሮ 210 ዶላር ሆነ። ከ3,800 ወደ 210! የተበጠሰውን ጎማ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። "የከፈልሽበትን እዪው" አለኝ። እስከ ዛሬ ቤቴ አለ። እንግዳ ሲመጣ አሳያለሁ፣ ይስቁብኛል።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ ብላችሁ አትሳቁብኝ። ዕርካሽ ስላስከፈለኝ ብቻ አይደለም። በዚህ ሀገር "ይገባሻል" ብሎ ያሳየኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ሂሳብ ስጠይቀው ግን ጉድ ፈላ። "ቃቤሊ ናዳሬ" አለኝ። ለአንቺ የሚመጥን ነገር አይደለም፣ ተይው እንደማለት ነው። እኔ ሞኟ በነጻ ነው ብዬ ላለቅስ ደረስኩ፣ እጁን ልስመው ምንም አልቀረኝም። ልጁ በሳቅ እየፈረሰች "ሦስት ጊዜ ጠይቂው፣ ከዚያ ይነግርሻል" አለችኝ። ታሮፍ ይሉታል። የይሉኝታ ወግ ነው። ታክሲው፣ ዳቦ ሻጩ፣ ሁሉም ይለዋል፣ ደንበኛው ግን ይከፍላል። እኛ "በሞቴ አንዴ ጉረሱ" እንደምንለው አስቡት። አንድ ቀን ስልክ ላይ "ቆርቡኔት በራም" ሲል ሰምቼ ምን ማለት ነው አልኩት። "መስዋዕትሽ ልሁን" ነው አለኝ። ቁርባን ማለት ነው እኮ! ያው የኛው ቃል ነው። "እኛም አፈር ስሆንልህ፣ ልሙትልህ እንላለን" ስለው "እንግዲያውስ እኛና እናንተ እርስ በርስ ስንሞትለት ማን ሊተርፍ ነው?" አለኝ።

ደንበኛ ሆንኩ። በሁዳዴ የምስር ሳምቡሳ ጠብሼ ወሰድኩለት። ክዳኑን ከፈት ሲያደርግ ጮኸ። "ሳምቡሴ!" የሀገሩ ምግብ ነው ለካ። የአባዳን ሰው ነው። በኢራን ደቡብ፣ ለኢራቅ ድንበር ጥግ ያለች የነዳጅ ከተማ ናት። እዚያ ሳምቡሴ መንገድ ላይ ይጠበሳል፣ የነሱ ድንችና ስጋ ነው፣ ያቃጥላል። ቃሉም ከፋርስ የመጣ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሀገሬ ልጅ ሆነ፣ እውነቴን ነው። እኔ ስለ ድሬ ሙቀት ሳወራ እሱ ስለ አባዳን ሙቀት ይፎክራል። ድሬን ባቡሩ ወለዳት፣ በ1902 ሀዲዱ ባይደርስ ከዚራ የሚባል ሰፈር የለም። አባዳንን ደግሞ በ1912 ስራ የጀመረው የነዳጅ ማጣሪያ አሳደጋት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ኋላ ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ሆነ። የኔ አባት በባቡሩ ፊሽካ ይነሳ ነበር፣ የሱ አባት በማጣሪያው ፊሽካ። ሁለቱም ከሰዓት በኋላ በቃጠሎው ይተኛሉ፣ ሁለቱም ማታ በረንዳ ላይ ሻይ ይጠጣሉ።

አባዳኖች ጉረኞች ናቸው ይላሉ ኢራኖቹ፣ ቀልዱ ብዙ ነው። ሬይባኑም ከዚያ ነው፣ የአባዳን ወንድ ያለሱ አይወጣም ይባላል። ጋራዡ ግድግዳ ላይ የከተማው ቡድን ቢጫ ማሊያ ተሰቅሏል። "አባዳን ብራዚል ናት" ይላል፣ ፊቱ ሳይፈታ። ክርክር የለም።

ሌላው ወሬው የነገስታቱ ነው። በ1971 ሻሁ በፐርሴፖሊስ የኢራንን 2,500 ዓመት ንግስና ሲያከብር ጃንሆይ ሄደዋል። እሱ ያኔ የአስራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው፣ በጎረቤት ቴሌቪዥን አየ። "ንጉሥሽ ትንሽ ነበሩ፣ ግን ሁሉም ጎንበስ ይልላቸው ነበር" ይለኛል። ከሦስት ዓመት በኋላ የኛው ወረዱ፣ በ1979 የነሱ ወጣ። "አንቺም እኔም የንጉሥ አልቃሽ ሆነን እዚህ ዘይት እንቀይራለን" ብሎ ስኳር ድንጋይ በጥርሱ ይዞ ሻዩን ፉት ይላል። የንጉሥ አፍቃሪ ግን አልነበረም። ስለ ፖለቲካ ሲጨቃጨቁ ራዲዮውን ከፍ ያደርገዋል።

ስለ ጦርነቱ ብዙ አያወራም ነበር። የማውቀውን ከልጁና ከአርባው ላይ ሰማሁ። በመስከረም 1980 የኢራቅ ጦር ሲገባ ማጣሪያው ተቃጠለ፣ ከተማዋ ተከበበች። እሱ ማጣሪያው ወርክሾፕ ውስጥ ተለማማጅ ነበር። ካገባ ገና ወራት ነው። ሚስቱን ይዞ ወደ ሺራዝ ሸሸ። ከዓመታት በኋላ በተራራ ወደ ቱርክ ተሻገሩ፣ ከዚያ እዚህ። ሎስ አንጀለስ ሌሊት መኪና አጠበ፣ ቀን እንግሊዝኛ ተማረ። ሚስቱ በሀገሯ አስተማሪ ነበረች። እዚህ የሰው ሱሪ እያሳጠረች ሁለት ልጅ አሳደገች። ጋራዡን የከፈቱት በሷ የስፌት ገንዘብ ነው። ይሄን ኡስታ ራሱ በየበዓሉ ይናገረው ነበር፣ "ባለቤቱ እሷ ናት፣ እኔ ተቀጣሪ ነኝ" እያለ።

አርባው ላይ ከጎኑ ያለው የጎማ ቤት ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ የሳልቫዶር ሰው፣ ተነስቶ ተናገረ። ጥር 17 ቀን 1994 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ያ ትልቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ቫሊውን ሲመታ መብራት የለ፣ ውሃ የለ፣ ሰው ሁሉ በፒጃማ መንገድ ላይ ወጥቶ ነበር። ኡስታ ጋራዡን ከፍቶ ሳሞቫሩን በጋዝ ለኩሶ አስፋልቱ ላይ አቆመው። ለቀናት ሻይ በነጻ ሲያድል፣ የማይነሳ መኪና ሲያስነሳ ከረመ። "እኔ እኮ እስከዚያ ቀን ጎረቤቴን ሰላም አልለውም ነበር" አለ ሰውዬው። እንባው ወረደ። ያ ሳሞቫር ነው አሁንም ደጃፍ ያለው።

እኔ ግን ተነስቼ መናገር አልቻልኩም። የኔን እዚህ ልናገር።

የዛሬ አምስት ዓመት ነው። ዘይት ላስቀይር ሄጄ ሻይ እየጠጣሁ ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነው ከድሬ። አባቴ ሞቷል። ከዚያ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ብርጭቆው ከእጄ እንደወደቀ አስታውሳለሁ። ኡስታ ምን እንዳልኩ እንኳ አልገባውም፣ በአማርኛ ነበር የጮህኩት። ግን ገባው። የጋራዡን በር ወደ ታች ሳበው። ስራ የበዛበት ቀን ነበር፣ ሦስት ደንበኛ ውጪ ቆሟል። ዘጋባቸው። ከጎኔ መሬት ላይ፣ ዘይት የነካው ሲሚንቶ ላይ፣ ተቀመጠ። አይዞሽ አላለኝም። "ሙያው ምን ነበር?" አለኝ። ነገርኩት። የመዶሻውን፣ የፉርጎውን። "እንዴት ነበር የሚመታው?" አለኝ። አሳየሁት። ካቻቪቴውን አንስቶ የአንድ ጎማ ብረት ላይ መታ መታ አደረገ። "እንዲህ?" "አይ፣ ቀስ ብሎ።" "እንዲህ?" ሚስቱ እስክትደርስ ድረስ ያንን ስናደርግ ቆየን። እብዶች መስለን ነበር። ግን ያን ሰዓት ሌላ ምንም ነገር አይይዘኝም ነበር።

ሚስቱ ቤቴ ወሰደችኝ፣ ልጁ መኪናዬን ከኋላ ነዳችው። ሩዝ አመጡ፣ ሻይ አፈሉ። ለቅሶ ለመቀመጥ ሀገሬ መሄድ አልቻልኩም ነበር፣ ወረቀቴ በሂደት ላይ ነው። የሀገር ልጆችም መጡ፣ ዘመድ ሆኑልኝ፣ አልካድም። ግን ከወር በኋላ ሁሉም ወደ ስራው ተመለሰ። አንድ ቀን ኡስታ ደወለ። "አርባው መቼ ነው? ቆጥሬ ሐሙስ ይመስለኛል።" እንዴት ታውቃለህ አልኩት። እነሱም ሦስተኛው ቀን አላቸው፣ ሰባተኛው አላቸው፣ አርባው አላቸው፣ ሙት ዓመቱም አላቸው። እሱ ሙስሊም፣ እኔ ኦርቶዶክስ፣ ቆጠራው አንድ። ሐሙስ ዕለት ጋራዡን በጊዜ ዘግቶ መጣ። ሚስቱ በሳፍሮንና በጽጌረዳ ውሃ የሰራችውን ሐልዋ ይዛለች። ሐልዋው ከድሬው ይለያል፣ የነሱ በዱቄት ነው፣ ለስላሳ። ስቀምሰው ግን አፌ ውስጥ የድሬው ታይዋን ገበያ ገባ።

ባለፈው እሁድ ሳህኑ ላይ የነበረው ያው ሐልዋ ነው። እጇ አልተለወጠም። ሳቅፋት "የኔን ሰው አርባ ረስተሽ እንዳትቀሪ ብዬ ፈርቼ ነበር" አለችኝ። እንዴት እረሳለሁ? እኔም ቆጥሬ ነበር።

አሁን ወደ ልጅቷ። ሜካኒካል ምህንድስና ተምራ ቢሮ ገብታ ነበር። ኡስታ ሲታመም ቢሮውን ትታ መጣች። አንዳንድ ደንበኛ ሴት ናት ብሎ እንደሸሸ ሰምቻለሁ። ይቅርባቸው! መኪና የሴት እጅ አይለይም። ማክሰኞ ስሄድ መኪናዬ ሲበርደው ያፏጫል። ቅጥል አድርጌ ስነግራት ምንም አላለችኝም። ኮፈኑን ከፈተች። ረጅሙን ካቻቪቴ አነሳች። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። አንገቷን ሰበረች። እኔ ዞር ብዬ ማሊያውን ማየት ጀመርኩ፣ ዓይኔ አላስችል ብሎኝ።

ቀበቶ ነበር። 95 ዶላር። አሮጌውን በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ሂሳብ ስላት "ቃቤሊ ናዳሬ" አለች። ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ፣ ከፈልኩ።

ለአዲስ መጪዎች አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔ ሳላውቀው ነው የተበላሁት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ማንኛውም ጋራዥ ስራ ሳይጀምር የዋጋ ግምቱን በጽሁፍ ሊሰጣችሁ ግድ ነው፣ ያለ ፈቃዳችሁም ከዚያ በላይ አያስከፍልም። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ "መልሱልኝ" ብላችሁ አስቀድማችሁ ከጠየቃችሁ መስጠት ወይም ቢያንስ ማሳየት አለባቸው። ሕግ ነው። ኡስታ ጋ መጠየቅ አያስፈልግም እንጂ ሌላ ቦታ ጠይቁ። የጭስ ምርመራውንም፣ ያ እንደ ቦሎ በየሁለት ዓመቱ የሚመጣውን፣ ከመሄዳችሁ በፊት ለሷ አሳዩዋት። ያልሆነ ነገር አትቀይርባችሁም።

ታክሲ የምትነዱ፣ ዕቃ የምታደርሱ፣ እንደኔ ሌሊት የምትሰሩ፣ ሂዱ። እህቶች በተለይ ሂዱ። ባላችሁን ይዛችሁ ኑ የሚል የለም። ሂዱና የድሬዋ ልካኛለች በሉ። ቅናሽ አታገኙም፣ ቅናሽም አትጠይቁ፣ ዋጋው ልክ ነው። ቅዳሜም ትሰራለች፣ ግን በጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ትዘጋለች፣ እናቷ ጋ ምሳ አላት። ወረፋ ካለ ሳሞቫሩ ጋ ጠብቁ። ብርጭቆው መደርደሪያው ላይ ነው፣ ራሳችሁ ቅዱ።